በጭስ የተቆጠሩ ቤቶች

ውባለም የጆንያውን አፍ ሁለቴ አጥፋ በሲባጎ ትሰፋለች። መርፌው ረጅም፣ ጫፉም ጎበጥ ያለ ነው። ወግታ ታሳልፈውና እስኪጠብቅ ትስበዋለች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ስለምትውል የጣቶቿ ጫፍ በሳሙና ተልጧል። ሲባጎው ሲያልፍበት ፊቷን ታጨማድዳለች እንጂ አታቆምም።

«ውቤ፣ ጆንያ ነው ወይስ የሙሽራ ቀሚስ?» አላት ባጃጅ ነጂው ሰይፉ። «እዚያ ሲደርስ እኮ በቢላዋ ነው የሚቀድዱት!»

«መንገድ ላይ ከሚፈስ ይቀደድ። አንተ ዝም ብለህ ተሸከም!»

ሁለቱም በሸዋ ሮቢት የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ውባለም በምግባረ ሠናይ ክፍሉ ውስጥ ችግረኛ የመመዝገብ ሥራ ተሰጥቷት ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ፤ የቀወት ቆላ ማሽላ እንደ ምንም እሸት ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ወፍ ወረደበት። ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ቢያጮህ፣ ቆርቆሮ ቢመታ፣ በሦስት ቀን አገዳው ብቻ ቆሞ ቀረ። ወጣቶቹ እሑድ እሑድ ከምእመኑ እፍኝ እፍኝ እህል ሰበሰቡ። እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ለራበው ሁሉ ሊሰጡም ተስማሙ።

ውባለም ለምዝገባ የሄደችው ከጀውሃ ከተማ ወደ ውስጥ በእግር ወደሚገባበት መንደር ነው። የመንደሩ ሽማግሌ አባባ ሙሳ ደብተሯን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰው ደጅ ቆመሽ በልታችኋል ወይ ልትዪ ነው? ነውር ነው ልጄ። የራበው ሁሉ ጠግቤያለሁ ነው የሚልሽ።»

«ታዲያ በምን ልወቅ አባባ?»

«ማለዳ ነይ። ጭስ ያልወጣበትን ቤት ጻፊ። እኛም በክፉ ቀን እንዲያ ነው የምንተያይ።»

ሦስት ማለዳ ተመላልሳ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆመች። ጭስ የሌላቸው ቤቶች አርባ አንድ ሆኑ። የእትዬ ዘይቱና ቤት ግን ሦስቱንም ቀን ከሁሉ ቀድሞ ይጨሳል። እትዬ ዘይቱናን ከገበያ ታውቃቸዋለች። ሽንኩርት ሲሸጡላት «ምራቂ ነው» እያሉ ሁለት ሦስት ራስ ጣል የሚያደርጉላት እሳቸው ነበሩ።

«እትዬ ዘይቱና ቤት ሰርግ አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«የዘይቱና ምድጃ መች ይጠፋል!» አሉ አባባ ሙሳም። ስማቸው አልተጻፈም።

እህሉ በታደለ ቀን እትዬ ዘይቱና መጥተው የጆንያ አፍ ሲይዙ፣ ሴቶቹን በተራ ሲያስቆሙ ዋሉ። ውባለም ክንዳቸው መክሳቱን አየች። አምባራቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ይንሸራተታል።

«አንቱስ እትዬ?»

«እኔማ አልሐምዱሊላህ። የጎደለበት ይውሰድ። አላህ ይቀበላችሁ፣ ልጆቼ።»

አርባ አንዱም ጆንያ ለባለቤቱ ደረሰ። ሰይፉ እየዘፈነ ነው የተመለሰው።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት ሴት በሆቴሉ የጓሮ በር መጥታ ውባለምን አስጠራች። ማጀቴ ከተማ ያገባችው የእትዬ ዘይቱና ልጅ አሲያ ናት።

«እናቴን ልጠይቅ ብመጣ መነሣት አቅቷታል» አለች። «ድስቱን ብከፍተው ውሃ ብቻ ነው። ጎረቤት እንዳያውቅባት በየማለዳው አገዳ ታነድ ነበር።»

ውባለም እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች።

«ይዤ የመጣሁት እፍኝ ዱቄት አልቋል። የእኛም ማሳ ያው ነው። ከእናንተ የተረፈ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አልተረፈም። ግን አመጣለሁ። ነገ በጠዋት እኔ ራሴ አመጣለሁ።»

አሲያ እናቷን ለብቻቸው ትታ ስለመጣች ወዲያው ተመለሰች። ውባለም ያን ዕለት ከሆቴሉ ሴቶች ዱቄት ለመነች፤ አንዷ በጣሳ፣ አንዷ በሳህን ሰጧት። ዐሥራ አምስት ኪሎ ያህል ሞላ፤ ከቤቷም ስኳርና ዘይት ጨመረችበት። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ተኩስ አለ ተባለ፤ ባጃጅም መኪናም አልወጣም። አራት ቀን ሙሉ በየጠዋቱ አስፋልቱ ዳር ወጥታ ቆማ ትመለስ ነበር።

በአምስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ። ውባለም ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች ዱቄቱን ሰይፉ ይዞ ሄደ። ከቀትር በፊት ተመለሰ፤ ከባጃጁ ግን አልወረደም።

«ትናንት ቀብረዋቸዋል፣ ውቤ።»

«ዱቄቱስ?» አለች።

«ለአሲያ ሰጠኋት። አባባ ሙሳ ‹አልተቀየምናትም፣ የመከርኋት እኔ ነኝ፤ ለቅሶ ትምጣ› ብለውሻል። አሲያም ትጠብቅሻለች።»

ቅዳሜ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ተከራይቶ ለለቅሶ ተነሣ። ውባለም ጥቁር ነጠላ ለብሳ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ጀውሃ ሲደርሱ ውሃ ልግዛ ብላ ወረደች። ጓደኞቿ ቢጠብቋት፣ ቢጠሯት አልመጣችም። ወደ ሸዋ ሮቢት በሚመለስ የጭነት መኪና ተሳፍራ ሄዳ ነበር።

«ጉብታው ላይ ቆሜ እንደሳቅሁ ለአሲያ እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሆቴሉ ውስጥ አብሬያት ስሠራ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሄዳለሁ ትላለች። ሰይፉም በነፃ አደርስሻለሁ ይላታል። እንዲህ ሲባባሉ አርባው አለፈ። አሲያ የእናቷን ቤት ዘግታ ወደ ማጀቴ ተመለሰች። ውባለም እስከ ዛሬ ለቅሶውን አልደረሰችም።