መኪናው ምን ይላል?

እናቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መኪና ስትፈታና ስትገጥም ኖራለች። ደንበኛ ሲመጣ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰው "ምን ይላል?" ትለዋለች። "ተበላሽቷል" የሚል መልስ አትቀበልም። ሽማግሌም ይሁን ሹም፣ አፉን ከፍቶ የመኪናውን ድምፅ ማውጣት አለበት። ሲጥ ሲጥ ካለ ዘይት ጠምቶታል፤ ጓ ጓ ካለ የላላ ብሎን አለ፤ ቀጭ ካለ መርፌው ብረት እየመታ ነው።

እነዚህን ቃላት ሰው አልፈጠራቸውም ባይ ናት። ሲጥታን ያመጣው የደረቀ ብረት ነው፤ ሰው የተዋሰው በኋላ ነው። አንድ አስተማሪ ጎረቤታችን ሊከራከራት ሞክሮ ተረቶ ሄደ። እኔ ልጇ ግን እያፈርኩባት ነው ያደግኩት። ከጓደኞቼ ጋር በደጇ ሳልፍ አንድ ትልቅ ሰው ጓ ጓ ሲል ከሰማሁ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር። አንድም ቀን ድምፅ አውጥቼላት አላውቅም።

ዘንድሮ ጆሮዋ ጭራሽ ዘጋ። ሥራዋን ግን አልተወችም፤ የደንበኞቿን አፍ እያየች ቀጠለች።

ባለፈው ሳምንት ትልቁ ደንበኛዋ፣ ስምንት መኪና ያለው ልብስ ሰፊ፣ አንዱን ይዞ መጣ። "ምን ይላል?" ስትለው አፉን ገጥሞ ቆመ። ልጠይቃት መጥቼ ወደነበርኩት ወደ እኔ ዞሮ፣ በራሷ ጆሮ ሰምታ ካልጠገነችው ሁሉንም ሌላ ቦታ እንደሚወስድ ነገረኝ። እሱ ከሄደ ሌላውም ይከተለዋል፤ ሱቋ ተዘጋ ማለት ነው።

እናቴ የተዘጋውን አፉን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። አልለመነችኝም። ደሜ ፈላ። መኪናውን በእጄ እያዞርኩ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ከዚያ ፊቷ ቆምኩ።

"እማዬ፣ እዪኝ። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ቀጭ። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ቀጭ።"

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ ድገም አለችኝ። ደገምኩ። ዘይት ብቻ እንደማይበቃው፣ መርፌውን የያዘው ብረት እንደተጣመመ ተናግራ ካቻቪቴዋን አነሳች። ስትጨርስ ልብስ ሰፊው ጨርቅ አስገብቶ አንድ ክንድ ያህል ሰፋ። ከዚያ ሰባቱን ነገ እንደሚያመጣ ነገራት፤ ለእሷ፣ አፉን በደንብ ከፍቶ።

እሷ ግን እኔን ነበር የምታየው። እጇን መልሳ ጉንጬ ላይ አደረገች።

"አሁንስ ምን ይላል?"

"ትርርርርር" አልኳት።

"ይህን ድምፅ ናፍቄው ነበር" አለች። "በል እንዳታቆም።"

አላቆምኩም።