መስታወት የሌለው መስኮት

እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ የመስኮት መስታወት ገጣሚ ነኝ። ያመለጡ ባሪያዎች ተይዘው ለጌቶቻቸው ይመለሱ የሚለውን ሕግ በክፍለ ግዛታችን ምክር ቤት ብቻውን የተቃወመው ጠበቃ ቢሮው መንገዴ ላይ ነው። በተቃወመበት ሳምንት የሕጉ ደጋፊዎች መስኮቱን በድንጋይ አደቀቁበት። አብሮት የሚሠራው ጠበቃም ስሙን ከበሩ ላይ ፍቆ ሄደ። እሱ ግን ካፖርቱን ደርቦ፣ ጢሙን አበጥሮ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚወርደውን በረዶ በክርኑ እየጠረገ ይጽፋል።

«ጌታዬ፣ የሳንባ ምች ይገድልዎታል። በነጻ ልግጠምልዎት?» አልኩት።

«ተወው ወዳጄ። ምክር ቤት ለመናገር ስነሳ ጮኸው አስቀመጡኝ። ወደ መንገዱ እንድናገር ግን መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱልኝ።»

ተነሥቶ ያቋረጡበትን ንግግር ከመጀመሪያው ጀመረ። አላፊ አግዳሚው አንገቱን ደፍቶ ፈጠነ። እኔ የተሸከምኩትን መስታወት አውርጄ ቆምኩ።