ለአከራዬ ሳነብ የዘለልኋት መስመር

መርሳ ከተማ የተከራየሁት ቤት የጭቃ ነው። ጣሪያው በአልጋችን በኩል ማፍሰስ ከጀመረ ሁለተኛ ክረምቱን ያዘ። ውሃው ሾልኮ ግድግዳውን ከማሳበጡ የተነሣ ልጄ «እማ፣ ግድግዳው አረገዘ» ትለኛለች። እሷ ትስቃለች፤ እኔ በግድግዳው በኩል የምተኛው ቢወድቅ በኔ ላይ ይውደቅ ብዬ ነው።

አከራዬ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ደግ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። በነገርኋቸው ቁጥር «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ኢንሻ አላህ ይሠራል» ብለው፣ መርቀው፣ ከጓሯቸው ፓፓያ አስይዘው ይሸኙኛል። ፓፓያ ታቅፎ እንዴት ይጮኻል?

ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ሆነው ገቡ፤ ሲወጡ ማን እንደላካቸው ጠፍቷቸዋል።

«በይ አንቺም ቻል አድርጊው፤ እንደ እናትሽ እኮ ናቸው» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«እናቴማ ብትሆን ጣሪያዬን ትደፍንልኝ ነበር!» ብዬ ፍርድ ቤት ሄድሁ። እዚያ ነጻ የሕግ ምክር የምትሰጥ ሴት አለች። ያከራዩትን ቤት ለመኖሪያ እንዲበቃ አድርጎ መጠገን የአከራይ ግዴታ ነው አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ «በጽሑፍ አሳውቀሻቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ በምን ዓይኔ! ጎረቤቴን በደብዳቤ?»

«በአፍሽ መንገርሽን ታዲያ በምን ታስረጃለሽ?»

ለካ ሁለት ክረምት የሰበሰብሁት «አብሽሪ» ሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ፊደል የቆጠርሁት በልጄ ደብተር ነው፤ ከዚያው ደብተር ገንጥዬ ሁለት ቅጂ ጻፍሁ፤ አንዱ ለሳቸው፣ አንዱ ለኔ። ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ግድግዳው ሊወድቅ እንደደረሰ፣ በመጨረሻም «በዐሥራ አምስት ቀን ካልተጠገነ በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ።»

ወስጄ ሰጠኋቸው።

«እኔ ፊደል የት አውቄ? አንብቢልኝ።»

ጣሪያውን አነበብሁ፤ ግድግዳውንም አነበብሁ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ቀና ስል ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። «ከአክብሮት ጋር» ብዬ አጠፍሁት።

«ሲያምር!» አሉና ደብዳቤው እንደደረሳቸው በኔ ቅጂ ላይ በጣታቸው ፈረሙልኝ። ፓፓያዬንም ያዝሁ።

ቤት ስገባ ከግድግዳው የተገመሰ ጭቃ አልጋው ላይ ወድቋል። በኔ በኩል አይደለም፤ ተንከባሎ የልጄ ትራስ ላይ ነው።

ተመለስሁ። ፓፓያውን ደጃፋቸው አስቀምጬ፣ እንደቆምሁ የዘለልኋትን መስመር ከቅጂዬ አነበብሁ።

«ቅድም ይሄ አልነበረም» አሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።

«ነበረ፣ እማማ። የዘለልሁት እኔ ነኝ።»

«ፍርድ ቤት? እኔን?»

«አንቱን» አልሁ።

በዐሥረኛው ቀን ቆርቆሮው ተቀየረ። ግድግዳው ግን ዛሬም እንዳበጠ ነው። ፓፓያው ቀርቷል፤ ሰላምታችንም አጭር ሆኗል። የሚያናድደኝ ሁለት ክረምት ሙሉ ጨዋነት ያላመጣውን ቆርቆሮ አንዲት መስመር ማምጣቷ ነው።

ለግድግዳው ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በዚህኛው ያችን መስመር ከሁሉ በፊት ነው ያደረግኋት።