በሰባት ሲባዛ

ልጅ ሳለሁ ከደሴ መጥቼ መቀሌ አክስቴ ቤት መኖር ስጀምር ትግርኛ አንድም ቃል አልችልም ነበር። አክስቴ ስድስት ልጆች አሏት፤ ሰባተኛዋ እኔ ሆንኩ። መብራት በጠፋ ምሽት የባሏ አባት አቦይ ሐጎስ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ ሽማግሌ፣ ግቢው ውስጥ ከሰል አስቀጣጥለው በቆሎ እያስጠበሱ ተረት ያወሩልን ነበር፤ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ።

በሳቸው ተረት ውስጥ ግን ጅብም ንጉሥም አልነበረም። አንድ ምሽት እሳት ያልነካው ከሰል አንስተው የግቢው ነጭ ድንጋይ ላይ 142857 ብለው ጻፉና እነዚህ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው አሉን። በሁለት ሲባዙ 285714፣ በሦስት 428571፤ እስከ ስድስት ድረስ እነዚያው ናቸው፣ ተራቸውንም አይለቁም፣ የሚለወጠው ከፊት የሚቆመው ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጆች ወዲያው ቁጥሮቹን ተከፋፈሉ። ታላቁ ክብሮም ስምንትን ነጠቀ፤ አንድ የደረሳት ትንሿ ሳምራዊት አለቀሰች። አቦይ ሐጎስ «በአምስት» ሲሉ ሰባት የሆነው ከፊት ይወጣል፣ ሌሎቹ ተራቸውን ጠብቀው እየተከተሉት በጭሱ መሐል ምድጃውን ይዞራሉ። እኔ ፋኖስ እይዝላቸዋለሁ። ቁጥር አልተረፈኝም። አብሬያቸው ግን እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ በሰባትስ ብዬ ጠየቅኩ። ክብሮም ሰባት ጨዋታውን ያበላሻል አለ። ክፋት አልነበረውም፤ እኔ ግን እኔን ያለ መሰለኝ። አቦይ ሐጎስ ፋኖሱን ተቀብለው ከሰሉን ሰጡኝ።

ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ፤ ዘጠኝን ጽፌ አራት ያዝኩ። ሰባት ጊዜ አምስት ሠላሳ አምስት፣ ከአራቱ ጋር ሠላሳ ዘጠኝ፤ አሁንም ዘጠኝ። ቀጥሎም ዘጠኝ። ክብሮም ይቺ ልጅ ከዘጠኝ ሌላ አታውቅም ብሎ ሲያስቃቸው የጻፍኩትን በእጅጌዬ ላጠፋው ጎንበስ ስል አቦይ ሐጎስ እጄን ያዙኝ።

«ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አልተሳሳትሽም። ጨርሺው።»

ስጨርስ ድንጋዩ ላይ ያለው 999999 ነበር። ቀድማ የገባት ሳምራዊት ናት፤ ያቺ አንድ ሆንኩ ብላ ያለቀሰችው፣ እኔም ዘጠኝ ነኝ እያለች ግቢውን ዞረችው።

«አያችሁ» አሉ አቦይ ሐጎስ ፋኖሱን ከፍ አድርገው፣ «ሰባተኛዋ ስትመጣ ታላቅና ታናሽ ቀረ።»

ክብሮምም ከበቆሎው ትልቁን መርጦ፣ አመዱን እፍ ብሎ ሰጠኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ በቆሎ የለም።

አድጌ ምስጢሩን ደረስኩበት፤ ቁጥሩ አንድን ለሰባት ስናካፍል ከነጥቡ በኋላ እየተደጋገመ የሚመጣው ነው። ማወቄ ደስታዬን አልቀነሰውም። በቅርቡ መቀሌ አጠገብ ቁሓ ወዳለው የሳምራዊት ቤት ሄጄ ለልጇ ይህንኑ ቁጥር በሰባት እንድታባዛ ሰጠኋት። ሦስተኛው ዘጠኝ ላይ እርሳሷን አቁማ በጥርጣሬ አየችኝ፣ ላጲሱንም አነሳች። እናቷ ልትነግራት አፏን ስትከፍት በዓይኔ ከለከልኳትና የልጅቷን እጅ ያዝኩ።

«ጓለይ፣ ጨርሺው» አልኳት።