ጥዶቹ ላይ ያሰመርነው ኖራ

ሂርና ውስጥ የጎረቤቴ ሱቅ ለዒድ ኖራ ሲቀባ፣ ከበርሜሉ የሚወጣው አፍንጫ የሚኮረኩር እርጥብ ሽታ ደጄ ድረስ ይመጣና ሥራ ያስፈታኛል። ሌላው ሰው በዓል በዓል ይሸተዋል፤ እኔን ግን የሚሸተኝ ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ ያለው የቁኒ ጫካ፣ የሰባተኛ ክፍል ቅዳሜዎችና አንዲት ደጋ አጋዘን ነው።

የሳይንስ አስተማሪያችን ጋሼ ዘለቀ ከገጠር የመጣን ዘጠኝ ልጆች መርጠው በየቅዳሜው ወደ ጫካው ይወስዱን ነበር። የመረጡን ጎበዞች ስለሆንን ሳይሆን ዳገት ስለማይደክመን ነው። አጋዘንን ለመጠበቅ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል ስለሚሉ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክከን የኮቴዋን ርዝመት በማስመሪያ እንለካለን፣ በጠጧን እንቆጥራለን፤ እሳቸው ራሳቸው አንዱን ፍሬ ሰብረው ትኩስነቱን ሲያሸቱ ጓደኛዬ ሙሜ በጆሮዬ «አቦ፣ ሊቀምሱት ነው!» ይለኝና ሳቄን ማፈን ያቅተኛል።

ያየነውን ቦታ በሚቀጥለው ቅዳሜ መለየት ሲያስቸግረን መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ የተረፈውን ኖራ በጣሳ ይዘን እየወጣን፣ አጋዘን ባለፈችበት ሁሉ አጠገቡ ያለው ጥድ ላይ እናሰምር ጀመር፤ ለትልቅ ረጅም፣ ለግልገል አጭር መስመር። አንዲት እናት ከግልገሏ ጋር ከምንጩ ዳር አትጠፋም ነበርና እዚያ ያለው ጥድ ረጅምና አጭር፣ ረጅምና አጭር ተሰምሮበት ነጣ። መስመሬ ትንሽ ከተጣመመ ጠርጌ እደግመው ነበር።

ጫካው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉት የሙሜ አባት፣ ኦቦ አደም፣ አንድ ቀን ጥዱን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄን ለማን ነው የምትጽፉት?» አሉኝ።

«ለራሳችን ነው፣ ኦቦ።»

«እኔ ፊደል አላውቅም። ግን አነበብኩት። እናትና ልጅ እዚህ ውሃ ይጠጣሉ።»

«አቦ፣ አባዬ ሰባተኛ ክፍል ገቡ!» አለ ሙሜ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔማ ምልክቴ ፊደል ለማያውቅ ሰው እንኳ መነበቡ አኮራኝ። ኦቦ አደም አልሳቁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ምንጩ አጠገብ ደም፣ የተጋደመ ሣርና ሁለት ቀለህ አገኘን። የባለጠመንጃው የጫማ ዱካ ከመኪናው መንገድ ጀምሮ ከጥድ ወደ ጥድ፣ እኔ ያሰመርኩትን አንድ ሳይስት ተከትሎ መጥቷል። እሱንም በማስመሪያ ለካሁት፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልታየኝም። ጋሼ ዘለቀ አልተቆጡም። ኮታቸውን አውልቀው ምንጩ ውስጥ ነከሩና ጥዱን ይፈትጉ ጀመር። እኛም ሸሚዛችንን እያወለቅን ተከተልናቸው፤ ኖራው ግን ሸካራው ቅርፊት ውስጥ ገብቶ አልለቅ ሲለን ጭቃ መረግንበት። ጭቃውን የሚያቀብሉን ኦቦ አደም ነበሩ፤ «በርቱ» ይሉን ነበር።

የግልገሏን ኮቴ ሁለት ቅዳሜ ብቻውን አገኘነው። በሦስተኛው አጣነው። ጋሼ ዘለቀ በዓመቱ ተዛወሩ፤ ወደ ጫካው የሚወስደን ሌላ ሰው አልመጣም።

አምና ከሙሜ ጋር ወደዚያው ወጥተን ነበር። የገብስ እርሻ እስከ ምንጩ ድረስ ወርዷል፤ ጥዶቹ ተቆርጠው ጉቶአቸው እንኳ ተነቅሏል፤ ድሮ ከጫካው ጭጋግ የተነሳ አምስት እርምጃ ወዲያ የማይታይበት ቦታ ላይ ቆመን የአሰበ ተፈሪን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ቁልጭ አድርገን አየናቸው። ጢም ያወጣን ሁለት ሰዎች ጭቃው ላይ ተንበረከክን። ኮቴ ሞልቷል፤ የከብት ኮቴ።

«አቦ፣ ጻፍ እንጂ!» አለኝ ሙሜ።

«ምን ብዬ?»

«ላም!»

ልስቅለት ፈልጌ ነበር። ከላሟ ዱካ ጎን አንዲት ትንሽ፣ ሹል ኮቴ አይቼ ልቤ ደነገጠ። በጣቴ ለካኋት፤ ደግሜ ለካኋት። የፍየል ነበረች።