ለጥሩሰው መስኮት የተተከለ ሐረግ

አያልነሽ ሰውን ሳታበላ መውደድ አታውቅበትም። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ካለው ቤቷ የገባ እንግዳ፣ ጠገብኩ ቢል ባይል፣ «በሞቴ!» ተብሎ ሳይጎርስ አይወጣም። ባሏ ጥሩሰው፣ ጡረታ የወጣው የአውሮፕላን መካኒክ፣ «የእኔ ሚስት የጠገበ ሰው አይታ አታውቅም» እያለ ያስቅባት ነበር።

ምን ያደርጋል፣ የጉሮሮ ካንሰር ያዘውና ውኃ እንኳ አልወርድ አለው። ነርስ በቱቦ ትመግበው ጀመር። የአያልነሽ እጅ ሥራ ፈታ። አንድ ቀን ከአልጋው ሆኖ በመስኮቱ ፊት ለፊት የተገተረውን የሲሚንቶ አጥር እያየ፣ «ሳልሞት እዚያ ላይ አበባ ባይ» አላት።

በማግስቱ መንገድ ዳር ችግኝ ከምትሸጠው ከሞያሌዋ ልጅ ከራሂማ ሐረግ ገዛች። ቶሎ የሚሮጥ፣ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ ነው።

«ማማ፣ ፍግ እንዳታበዢበት» አለቻት ራሂማ። «ይሄ ካልራበው አያብብም።»

ተርቦ የሚያምር ነገር ደግሞ የት አለ? አያልነሽ ምክሩን ከጆሮዋ አላስገባችውም። ለጥሩሰው ሊሆን የነበረው እንክብካቤ ሁሉ ወደ ሐረጉ ዞረ። ፍግ በላይ በላዩ አለበሰችው፤ ጠዋት ማታ አጠጣችው። ሐረጉም አላሳፈራትም፤ ሽቅብ ተመዘዘ፣ አጥሩን ሞላው፣ ቅጠሉ መዳፍ አከለ። አበባ ግን አንድም የለም።

«ጥሩዬ፣ ሰሞኑን ያብባል።»

«ተይው አያል፤ ነይ እኔ ጋ ተቀመጪ» ይላታል በደከመ ድምፅ።

«ትንሽ ፍግ ልጨምርለትና መጣሁ።»

አንድ ጠዋት እንዲሁ ብላ ወጥታ ከጓሮ ስትመለስ፣ ጥሩሰው አልፏል።

ከዚያ ወዲያ ሐረጉን ዞር ብላም አላየችው። የሚያጠጣው ጠፍቶ አፈሩ ተሰነጣጠቀ፤ ቅጠሉም ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር።

የአርባው ዕለት ጠዋት ግን አጥሩ በአበባ ሰማያዊ ሆኖ አደረ። ራሂማም መጥታ ነበርና «ፖሌ ማማ» ብላ በስዋሂሊ አጽናንታት ከጎኗ ተቀመጠች። ጎረቤቷ ማዕዶት በመስኮቱ አይታ፣ «እትዬ አያልነሽ፣ እንዴት ያምራል! ምን ቢመግቡት ነው?» አለች።

«ምንም» አለች አያልነሽ። «ምንም አላበላሁት።»

ራሂማ አቀረቀረች። አያልነሽ እንደ መጀመሪያው ቀን ጮኻ አለቀሰች። ለአርባው የመጡት ሴቶች ጥሩሰው ትዝ ብሏት መስሏቸው «ተይ፣ ነፍሱን ታስጨንቂያለሽ» አሏት። እሷ ግን የምታለቅሰው እሱ ሲጠራት ጓሮ ስለፈጀችው ጊዜ ነበር።