በእኔ ስም የገባው ትምህርት

ያ ነገር እንዴት እንደሆነ ዛሬም ሲጠይቁኝ ግራ ይገባኛል። ማንንም አልበደልኩም እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በድያለሁ እላለሁ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

በኢሕአዴግ ዘመን ሐዋሳ ውስጥ አንድ የመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ያኔ ስልጠናው በስልጠና ላይ፣ ግምገማው በግምገማ ላይ ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራንና፣ በየገጠሩ እያስተማሩ ክረምት ክረምት ወደ እኛ የሚመጡትን ተማሪዎች ከእንግዲህ በበጋውም በኢንተርኔት ታስተምራላችሁ ተባልን። ለዚያውም በጋራ! ሦስት ሦስት ሆነን በአንድ ገጽ ላይ አንድ ትምህርት እናዘጋጃለን፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያርማል። ይኼው ዝግጅት ራሱ ስልጠና ነው፤ ያለፈ ኮርሱን ይዞ ይቀጥላል፣ ያላለፈ ኮርሱ ለሌላ ይሰጥበታል።

“ታዲያ አስተማሪው ማነው?” ብዬ ጠየቅሁ።

“ሁላችሁም” አለኝ አሰልጣኙ። ምንም አልገባኝም፤ ግን የገባው ሰው እንደሚያደርገው ራሴን ነቀነቅሁ።

እኔ ቡድን ውስጥ ጋሼ ነበሩ። የአማርኛ ማስተማሪያ ዘዴ የሚባለው ኮርስ የሳቸው ነው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ተማሪያቸው ሳለሁ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ጓደኛዬ ልትረዳኝ ብድግ ስትል፣ “ተቀመጪ! ጠመኔውን አትቀሚያት!” ብለው የጮኹባትን አልረሳም። አሁን ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጠዋት ተነስተው ክራቫት የሚያስሩት ለዚያ ኮርስ ብቻ ነበር። ሦስተኛችን ከከተማው ዳር ከቡሹሎ የሚመላለስ የሥነ ልቦና መምህር ነው፤ ወጣት፣ ነገር የማያበዛ ልጅ።

ኮምፒዩተር ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ማሽኑ አቧራ አይወድም ይባላል። ጋሼም እንደ ማንም ጫማቸውን አወለቁና በግራጫ ካልሲያቸው ኮምፒዩተሩ ፊት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አንዲት “ሰ” ለመጻፍ ሁለት የፈረንጅ ፊደል መምታት እንዳለባቸው ስነግራቸው፣ “የገዛ ፊደሌን ፈረንጅ ልለምን?” ብለው ሳቁ። ከዚያ ባንድ ጣታቸው ፍለጋ ጀመሩ። አንዷ መስመር ሩብ ሰዓት ፈጀች።

እኔ ደግሞ ስቸኩል አይጣል ነው። “ጋሼ፣ እርስዎ አይድከሙ። ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ” አልኳቸው።

“ግድ የለሽም፣ ልሞክረው።”

“ኧረ በሞቴ!” ብዬ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሴ ሳብኩት። ሽማግሌ ሰው ሸክም ይዞ ሲሄድ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ምን ዓይነት ባለጌ ነው? እኔ የታየኝ እንደዚያ ነው።

በሌላ ቀንም እጃቸውን ሰደድ አደረጉ፤ “ነገ ጋሼ፣ ዛሬ ኔትወርኩ ሳይጠፋ ልጨርሰው” አልኩ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ ውብ የእጅ ጽሕፈታቸው የሞላ ወረቀት እያመጡ ከጎኔ ይቀመጡ ጀመር። ከእኔ ስም ወጥቶ በሳቸው ስም ለመግባት ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ሁሉንም በእኔው ስም አስገባሁት። የቡሹሎው ልጅ አንዴ፣ “በስማቸው ይግባ እንጂ፤ ማሽኑ የሚያውቀው ስም ነው” ብሎኝ ነበር። “አንተ ደግሞ! ሽማግሌ ካላንገላታህ አይመችህም?” አልኩት። ሁለተኛ አላነሳውም።

ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከኔ ስም ትይዩ “እጅግ በጣም ጥሩ” ይላል። ከጋሼ ስም ትይዩ “ተሳትፎ የለም” ይላል። በማግስቱ ኮርሱ ለእኔ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣልኝ።

በስመ አብ! እየሮጥኩ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። “ሐሳቡ በሙሉ የሳቸው ነው፤ እኔ ጣቴን ብቻ ነው ያዋስኳቸው” አልኩ።

“ኮምፒዩተሩ ውስጥ እሳቸው የሉም።”

“እንዴት የሉም? ወረቀታቸው ይኸው!”

“ስልጠናው እኮ በኮምፒዩተር መሥራት መቻላቸውን ለማየት ነው። ችለዋል?”

ምን ልበል? አልቻሉም። ሰውየው ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር። መምህራን ክበብ ስገባ “ባጎረሱ እጃቸውን ተነከሱ” የሚል ሹክሹክታ ጆሮዬ ገባ፤ ያዘዝኩትን ሻይ ሳልቀምስ ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያው የኢንተርኔት ትምህርት ቀን ኮሌጁ ከነኢንተርኔት መሣሪያው ያዋሰኝን ላፕቶፕ ይዤ አሞራ ገደል አካባቢ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ክራቫት አላሰሩም። ይቅርታ ልጠይቅ ገና አፌን ስከፍት፣ “ተማሪዬ ያዘችው ማለት እኔ ያዝኩት ማለት ነው” አሉኝ። እፎይ አልኩ። አይ እኔ፣ ቶሎ እፎይ ማለቴ!

“አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ” አሉ ቀጥለው። “ልማር ስል ለምን ከለከልሽኝ?”

“እኔ? ጋሼ፣ እኔ?”

“ሦስት ጊዜ እጄን ሰደድኩ። ሦስት ጊዜ ሳብሽው።”

“ላክብርዎ ብዬ እኮ ነው...”

“አውቃለሁ። እሱ ነው ግራ ያጋባኝ። ብትሰድቢኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር።”

እንባዬ መጣ። እኔ ጠመኔዬን እንዳልቀማ የጮኹልኝን ሰው ጠመኔ ቀማሁ፤ ያውም በትህትና። መምህር ነኝ ባይ!

ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ላፕቶፑን ከፍቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። “ሰላምታውን እርስዎ ይጻፉልኝ” አልኩና ሁለት እጆቼን ከጭኖቼ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። ተሳሳቱ፣ አጠፉ፣ እንደገና ጀመሩ። ስንቴ እጄ ሊያመልጠኝ ነበር። በመጨረሻ “እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ” የሚል ሰፈረ፤ አንድም ግድፈት የለውም። እንደ ልጅ ፈገግ ብለው ላኩት።

ከየወረዳው መልስ ይጎርፍ ጀመር። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ዘንበል ብለው አንድ ባንድ አነበቡት፤ “ደህና ነን መምህርት!” “እርስዎስ እንዴት ዋሉ መምህርት?” ከሰላምታቸው ጎን የተጻፈው የእኔ ስም ነበር።

ላፕቶፑን ቀስ ብለው ወደ እኔ አዞሩት።

“ላንቺ ነው” አሉኝ። “መልሺላቸው እንጂ።”

እጆቼን ከጭኖቼ ሥር ማውጣት አቃተኝ።